የወረዳ የኢኮኖሚ ልማት ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል? ከአንድ ኩንታል ሩዝ እንነሣ

ብዙ የወረዳ ዕቅድ የሚጀመረው ካምናው ሰነድ ነው፤ ቁጥሩ ላይ አሥር በመቶ ይደመርና ይታተማል። እኔም እንደዚያ ጽፌ አውቃለሁ። አሁን ብጠየቅ አንድ ምርት ይዛችሁ ገንዘቡ የሚሄድበትን ተከተሉ እላለሁ። ለምሳሌ የፎገራ ወረዳንና ሩዙን እንውሰድ፦ ደቡብ ጎንደር፣ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው፤ ገጠሩና ወረታ ከተማ በአንድ ገበያ ይኖራሉ።

1. ኩንታሉን ተከተሉ

ገበሬው ለማን ሸጠ? ደላላው ስንት ያዘ? መፈልፈያው ስንት አስከፈለ? መልሱን ከሪፖርት አትጠብቁ። መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ግማሽ ቀን ቁሙ። ያልተፈለፈለው ሩዝ በጋሪ ይገባል፣ ነጩ በአይሱዙ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ከኋላ ይቆለላል። ከ100 ኪሎ ውስጥ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት ነው። ለሚያቃጥለው ሰው ቆሻሻ ነው፤ ጡብ ለሚተኩስ ወይም ማገዶ ለሚያዘጋጅ ግን ጥሬ ዕቃ ነው። ማን በስንት ብር እንደሚወስደው ሳትጠይቁ ግን «የሥራ ዕድል» ብላችሁ አትጻፉት።

2. ምርቱ ምን እንዳፈናቀለ ጠይቁ

«ዘላቂ» የሚለው ቃል የሚፈተነው እዚህ ነው። ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ውኃ የሚተኛበት የግጦሽ መሬት ቀስ በቀስ ወደ ማሳነት ተቀየረ። በወተቱ የሚታወቀው የፎገራ ከብትም ቁጥሩ ተመናመነ። ጣና ዳር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግጦሹን የሚያጠብበው የውኃ አረም፣ እንቦጭ፣ አለ። ስለዚህ የሩዙ ዕቅድ ውስጥ የመኖ ጉዳይ መግባት አለበት፦ ገለባው የት ይከማቻል? ፉርሽካውን ወተት አምራቹ በምን ዋጋ ያገኛል?

3. ዝም ያሉትን ስሙ

በቀበሌ ስብሰባ እጅ የሚያወጡት ሁሌም እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው። መሬት የሌላቸውን ወጣቶች ለብቻ አነጋግሩ። ሴቶች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ በገበያ ቀን አትጥሩ።

4. ሁለት ሥራ ምረጡ፣ ዋጋቸውን አውጡ

የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ለካፒታል የሚተርፈው ትንሽ ነው። አንድ ጊዜ ያሠራነው ሼድ መብራት ሳይገባለት ሁለት ክረምት አለፈ፤ የተጠቀሙበት የሰፈሩ ፍየሎች ብቻ ነበሩ። ግንባታ ከመጻፋችሁ በፊት መብራቱንና መንገዱን ማን እንደሚያስገባ፣ በየትኛው ወር እንደሚያስገባ ይጻፍ።

ለፎገራ እኔ ብሆን መጋዘን አስቀድማለሁ። ገበሬው ምርቱ በተሰበሰበ ሰሞን ዕዳ ስላለበት በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር አከማችቶ በጋራ ሊሸጥለት ይችላል። ነገር ግን ማኅበሩ ያኔውኑ ቅድሚያ የሚከፍልበት ገንዘብ ከሌለው ገበሬው ዞሮ ደላላው ጋር ነው።

5. ቀኑን ጠብቁ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዋጋ የወጣለት ዕቅድ በግንቦት ካልቀረበ ምክር ቤቱ ደመወዝ ብቻ አጽድቆ ይበተናል።

ለክትትል ደግሞ ሁለት ነገር ይበቃል፦ የኩንታሉ ዋጋ በታኅሣሥና በሰኔ ስንት እንደነበረ፣ ሥራ ከጀመሩት ወጣቶች ስንቱ ከዓመት በኋላ እዚያው እንዳሉ። «ሥልጠና ተሰጠ» የሚለውን መስመር ሰርዙት።