ከሀገር ውስጥ ሊግ ወደ ውጭ ክለብ፦ ለሴት አጥቂ የዝውውር መመሪያ

ከዱራሜ ተነሥታ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት ግብ ስታስቆጥር የቆየችው ሎዛ አበራ በ2018 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ስዊድኑ ኩንግስባካ፣ በ2019 ደግሞ ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ተሻገረች። በማልታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ከሆነች በኋላ ተመልሳ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች፤ በ2024 እንደገና ወጥታ የዋሽንግተኑን ዲሲ ፓወር ተቀላቀለች። ሉሲዎቹ (የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን) ከ2012ቱ የኢኳቶሪያል ጊኒ ውድድር ወዲህ እስከ 2024ቱ ድረስ ለአፍሪካ ዋንጫ ስላልበቁ፣ የውጭ መልማዮች (ለክለብ ተጫዋች የሚፈልጉ ባለሙያዎች) የኢትዮጵያን አጥቂ በትልቅ መድረክ የማየት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ይህን መንገድ የምትመኝ ተጫዋች ማስረጃዋን ራሷ ማዘጋጀት ይኖርባታል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቪዲዮ ሲሆን ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚሁ ነው። ግቦችን ብቻ ደርድሮ ሙዚቃ ማልበስ ለዘመድ ወዳጅ ያስደስት እንደሆነ እንጂ ለመልማይ አይጠቅምም። ኳስ ከቀኝ መስመር ሊሻማ ሲል አጥቂዋ ወደ ሩቁ ቋሚ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተከላካይዋን ካስከተለች በኋላ በድንገት ወደ ቅርቡ ቋሚ ብትታጠፍና ብታስቆጥር፣ ግቡ የተሠራው በዚያች መታጠፍ ነው፤ ቪዲዮው ኳሱ እግሯን ሲነካ ከጀመረ ግን ዋናው ነገር ተቆርጦ ቀርቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅንጭብ ኳሱ ከመድረሱ ስምንትና ዐሥር ሴኮንድ አስቀድሞ ይጀምር፤ ተጫዋቿም በክብ ምልክት ትለይ። ጀርባዋን ለግቡ ሰጥታ ኳስ የያዘችበት፣ ኳስ ስትነጠቅ ተመልሳ ያሳደደችበት፣ በደካማ እግሯ የሞከረችበት ይካተት። አራት ወይም አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ከዚህ ጋር ከጠንካራ ቡድን ጋር የተደረገ አንድ ሙሉ ጨዋታ ሳይቆረጥ ይላክ፤ በእኔ ግምት ደካማ ቡድን ላይ ከተቆጠሩ አምስት ግቦች ይልቅ ይህ ይበልጥ ያሳምናል።

የየዓመቱን መዝገብም በአንድ ገጽ ማስፈር ይገባል፦ በቀዳሚ አሰላለፍ የገባችባቸው ጨዋታዎች፣ የተጫወተችው ደቂቃ፣ ያስቆጠረቻቸው ግቦች። የፍጹም ቅጣት ምት ግቦች ለብቻ ይጻፉ።

ጊዜውም ይታሰብበት። የስዊድን ሊግ ከሚያዝያ አካባቢ እስከ ኅዳር ሲካሄድ፣ የማልታው በመኸር ጀምሮ በጸደይ ያበቃል፤ ዲሲ ፓወር የሚጫወትበት የአሜሪካ ሱፐር ሊግም እንዲሁ በነሐሴ ይጀምራል። ለስዊድን የታሰበ ማስረጃ በታኅሣሥ፣ ለሌሎቹ በግንቦት ካልተዘጋጀ የዝውውር መስኮቱ፣ ማለትም ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚያስመዘግቡበት የተወሰነ ጊዜ፣ ሊያመልጥ ይችላል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ፊፋ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከ18 ዓመት በታች ያለች ተጫዋች ከሀገር ሀገር እንድትዛወር አይፈቅድም። ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የሴት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ዝውውር በፊፋ የኤሌክትሮኒክ የዝውውር ሥርዓት የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከክለቡ የሚሰጥ መልቀቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ፌዴሬሽን ለፌዴሬሽን የሚላከው ዓለም አቀፍ የዝውውር ማረጋገጫም ያስፈልጋል። ወኪል ነኝ ያለ ሰው የፊፋ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማጣራት አይከብድም፤ ለሙከራ እወስድሻለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ንግግሩን እዚያው ማቆም ይሻላል።

ውል ሲቀርብ ተጫዋቿ በምታውቀው ቋንቋ ካላነበበችው አትፈርም። ውሉ የሚጸናው የጤና ምርመራውን ካለፍሽ ወይም የሥራ ፈቃድ ካገኘሽ ነው የሚል አንቀጽ በፊፋ ደንብ ተቀባይነት የለውም፤ ምርመራው ከፊርማው በፊት ይጠናቀቅ። ከ2021 ጀምሮ ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ፣ ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ሳይጓደል፣ የተደነገገ መብት ነው። መኖሪያ ቤት፣ የአውሮፕላን ትኬትና የሕክምና መድን ግን በቃል የሚታመኑ አይደሉም፤ በተለይ የጉልበት ጅማት ጉዳት በሴት ተጫዋቾች ላይ የሚበዛ በመሆኑ ቀዶ ሕክምናውንና የማገገሚያ ጊዜውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍ።

ለሉሲዎቹ ጥሪ ሲደርሳት፣ ጨዋታው በፊፋ የሴቶች ዓለም አቀፍ የጨዋታ ቀናት ውስጥ የሚውል ከሆነ ክለቡ ሊከለክላት አይችልም፤ የጉዞዋን ወጪም የሚሸፍነው የጠራት ፌዴሬሽን ነው።