ሰፊ ቱቦን በቶርኖ ላይ አስሮ ጫፉን በ90 ዲግሪ ለመቁረጥ

በቶርኖ (ብረትን እያዞረ በቢላ በሚቆርጥ ማሽን) የተቆረጠ የቱቦ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ለጥ ብሎ ይወጣል፤ ለጥ ማለቱ ግን ከቱቦው ቁመት ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱን አያረጋግጥም። ቢላው የሚጓዘው ማሽኑ ለሚዞርበት መሐል መስመር ቀጥ ብሎ ነውና፣ ቱቦው አዘንብሎ ከታሰረ ጫፉም አዘንብሎ ይቆረጣል። ስለዚህ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አስተሳሰሩ ነው።

የውጭ ዲያሜትሩ 200፣ የግድግዳው ውፍረት 6፣ ርዝመቱ 800 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ እንውሰድ። ክብደቱ 23 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ከሥሩ እንጨት ተደግፎ ይታሰር። ቻክ (ቱቦውን በጥርሶቹ ይዞ የሚያዞረው የማሽኑ ክፍል) ስስ ግድግዳን ሲጨብጥ ክብነቱን ስለሚያጠፋው፣ በቻኩ በኩል ባለው ጫፍ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ወፍራም የብረት ዲስክ አስቀድሞ ይገባል። ጥርሶቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ባለአራት ጥርስ ቻክ ካለ እሱ ይመረጣል።

በሌላው ጫፍ መሐሉ ላይ የሴንተር ቀዳዳ (ሹል መደገፊያ የሚገባበት) ያለው፣ ዙሪያውን በአራት ብሎኖች ከግድግዳው ጋር የሚወጠር ዲስክ ገብቶ በቴልስቶኩ፣ ማለትም ከቻኩ ፊት ለፊት ባለው የማሽኑ መደገፊያ፣ ይደገፋል። ከዚያም ዳያል ኢንዲኬተሩን (ጥቃቅን መዛባትን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ) በቻኩ አጠገብና በጫፉ አጠገብ በየተራ እያሳረፉ ቱቦውን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። መርፌው በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ከፍ ካለ ቱቦው ከመሐል ወጥቷል ማለት ነውና፣ በቻኩ በኩል በጥርሶቹ፣ በጫፉ በኩል በብሎኖቹ ይስተካከላል። ሁለት ጊዜ ከፍ ካለ ግን ቱቦው ራሱ ሞላላ ነው፤ ያኔ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ንባቦች እኩል ማድረግ እንጂ መርፌውን ማቆም አይቻልም። የቻኩ በኩል ተስተካክሎ በጫፉ መርፌው 1 ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ፣ በተቆረጠው ፊት ላይ 0.125 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝንባሌ ይቀራል። ይህ ለብየዳ ብዙ አያስቸግርም፤ ክዳን ለሚገጠምበት ሲሊንደር ግን መተው የለበትም።

ቱቦው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ፣ ከጫፉ ጥቂት ገባ ብሎ የስቴዲ ሬስቱ (የሚዞረውን ቱቦ ከዙሪያው የሚደግፈው ዕቃ) ጣቶች የሚያርፉበት ጠባብ ቀለበት በስሱ ይላጣል። ቅደም ተከተሉ መዛነፍ የለበትም፤ አዘንብሎ በታሰረ ቱቦ ላይ ቀለበቱ ከተላጠ፣ ቱቦው በጣቶቹ መካከል ያለ እንከን ስለሚዞር ስሕተቱ ተሸፍኖ ይቀራል። ጣቶቹ ቴልስቶኩ ሳይለቀቅ ቀለበቱን እስኪነኩ ብቻ ቀርበው ይቆለፋሉ፤ ዘይትም ይቀባሉ። ቱቦውን ከመሐል የሚገፉት ከሆነ እየዞረ ቀስ በቀስ ከቻኩ ሊወጣ ይችላል፣ ይህም ከባድ አደጋ ነው።

አሁን ቴልስቶኩና ዲስኩ ይነሱና ጫፉ ይቆረጣል። ለሃይ ስፒድ ስቲል (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) ቢላ በደቂቃ 30 ሜትር የመቁረጥ ፍጥነት ቢታሰብ፣ ለዚህ ስፋት የሚደርሰው በደቂቃ 48 ዙር ገደማ ነው። ስስ ግድግዳ ሲቆረጥ እንደ ደወል ስለሚጮህ፣ ያረጀ ካላማዳሪያ በቱቦው ወገብ ላይ አጥብቆ መጠምጠምና ማሰር ጩኸቱንም በፊቱ ላይ የሚቀረውን ሞገድም ይቀንሳል። ጓንት አድርጎ ወደሚዞር ቱቦ መቅረብ ፈጽሞ አይገባም።

ቱቦው ተገልብጦ ሲታሰር ልኬቱ እንደ አዲስ ይደገማል። ሁለቱም ጫፎች ካለቁ በኋላ ርዝመቱ በዙሪያው አራት ቦታ ላይ ይለካል፤ እኩል መሆኑ ጫፎቹ ትይዩ መሆናቸውን እንጂ ቀጥ ማለታቸውን ስለማያሳይ፣ በስኳድራም ከውጭው ግድግዳ ጋር በየአቅጣጫው መፈተሽ ያስፈልጋል።