ለኤአይ ኤጀንት የኔትወርክ ሰነድ ስትጽፉ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ጎንደር ውስጥ ኔትወርክ የምናስተዳድር ሰዎች ሰነድ መጻፍ አንወድም። ስልክ እንወዳለን። «የአዘዞው ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኘው ሳጥን) በየትኛው ፖርት (የገመድ ቀዳዳ) ነው የገባው?» ተብሎ ይደወላል፣ ይመለሳል፣ አለቀ። አሁን ግን የማስተዳደሪያ መሣሪያችንን (ሶፍትዌሩን) የሚነካው ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ሥራ ሲሰጠው ትዕዛዞችን በራሱ የሚልክ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም እየሆነ ነው። እሱ አይደውልም። ሰነዱ ላይ የጎደለውን በግምት ሞልቶ ይቀጥላል። ሰሞኑን ልጆች የሚያሳዩኝ ሰነዶች ግን አሁንም ስልክ ለሚደውል ሰው የተጻፉ ናቸው።

መጨመርን ከመተካት አለመለየት

ይህቺ አንጀቴን ታሳርረኛለች። ቪላን ማለት በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ተለይቶ የሚሄድ ንዑስ ኔትወርክ ነው፤ ትራንክ ፖርት ደግሞ ብዙ ቪላኖችን በአንድ ገመድ የሚያሳልፍ ነው። ሲስኮ ስዊች ላይ አንድ ትራንክ ፖርት ቪላን 30ን እንዲያሳልፍ ልትጨምሩ ነው እንበል። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 30» ትላላችሁ። «አድ» የምትለዋን ከረሳችሁ ነባሮቹ ቪላኖች በሙሉ ከዝርዝሩ ወጥተው 30 ብቻዋን ትቀራለች። የኔትወርክ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። አብዛኛው ያወቀው ደግሞ በአንድ ክፉ ቀን ነው።

ይህንኑ የሚያውቅ ሰው ለራሱ መሣሪያ ሰነድ ሲጽፍ ምን ይላል? «የፖርቱን ቪላን ያስተካክላል።» በቃ! ካለው ላይ ይጨምር፣ ያለውን ጠርጎ ይጻፍ፣ አንድም ፍንጭ የለም።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኤጀንቱ ለአዲስ ካሜራዎች ቪላን እንዲጨምር ታዘዘ። ሰነዱ «የቪላን ዝርዝር ይላካል» ይላል። ላከ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለችው አዲሷ ቪላን ብቻ ነበረች። መሣሪያው «ተሳክቷል» ብሎ መለሰ፣ ኤጀንቱም ያንኑ ሪፖርት አደረገ። የአዘዞው ቅርንጫፍ ግን ከካሜራው በቀር ሁሉም ነገር ጠፋበት። የስዊቹ ማስተዳደሪያ መስመርም በዚያው ትራንክ ያልፍ ስለነበር ከቢሮ ሆኖ መመለስ አልተቻለም። ሰው ኮንሶል ገመድ (ስዊቹን ቦታው ድረስ ሄዶ ማዘዣ) ይዞ ከፒያሳ ታክሲ ተሳፈረ። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ ኤጀንቱን ሰደበ። ምን በወጣው! ሰነዱ ያለውን ነው ያደረገው።

ነገሩ እኮ ድሮ መፍትሔ የተበጀለት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኔትኮንፍ (የኔትወርክ መሣሪያን ከሩቅ ማስተካከያ ፕሮቶኮል) ደረጃ፣ አርኤፍሲ 6241፣ መርጅ (ማዋሃድ)፣ ሪፕሌስ (መተካት)፣ ክሬት (መፍጠር)፣ ዲሊትና ሪሙቭ (ማጥፋት) ብሎ ለያይቶ አስቀምጦታል። በድር ፕሮቶኮሉ በኤችቲቲፒ በኩልም ፑት የሚባለው ትዕዛዝ ይተካል፣ ፓች ከፊሉን ብቻ ይቀይራል። እናንተም ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ነባሩ ምን ይሆናል፣ ትዕዛዙ ሁለት ጊዜ ቢላክ ምን ይፈጠራል፣ እንዴት ይመለሳል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። መስመር መሃል ላይ ሲቋረጥ ትዕዛዙ ይድረስ አይድረስ ኤጀንቱ አያውቅም፤ ደግሞ መላኩ አይቀርም።

ለመመለሱ ደግሞ ኔትኮንፍ የሚያጸና መልእክት ካልመጣ ለውጡን በራሱ የሚቀለብስ አሠራር አለው። ሌላ ካልተባለ የሚጠብቀው 600 ሰከንድ ነው። መሣሪያችሁ ይህን የሚችል ከሆነ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይሁን። አባሪ ውስጥ አትቅበሩት።

ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ

«ጥገና ከ8 እስከ 10 ሰዓት» የሚል ሰነድ አይቻለሁ። እዚህ ለሚሠራ ሰው ከሌሊቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ኤጀንቱ ግን 08:00 ብሎ ያነበዋል። ያ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት። ስዊቹም ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚጽፍ ከሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር! «02:00–04:00፣ ዩቲሲ+3» ብላችሁ ጻፉና ተገላገሉ። ቀኑንም እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጉት። ጳጉሜን 3ን መርሐ ግብር ውስጥ ከትታችሁ ማሽን ይገባዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

መብራት የሚጠፋ መሆኑን መርሳት

ቅርንጫፍ ሲጠፋብን መጀመሪያ ለጥበቃው ነው የምንደውለው። «ጋሼ፣ መብራት አለ?» የለም ካሉ ሻያችንን እንጠጣለን። ይህ እርምጃ ግን የትም ሰነድ ላይ የለም፤ ለእኛ ግልጽ ነዋ። «መሣሪያው ካልመለሰ ፖርቱን ዘግተህ ክፈት» የሚል ብቻ ያነበበ ኤጀንት ጨለማ ውስጥ ላለ ስዊች ሲል ዋናውን መስመር ሲዘጋ ሲከፍት ያመሻል። የአንድ ቅርንጫፍ መሣሪያዎች በሙሉ አንድ ላይ ከጠፉ፣ ወይም ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ባትሪ ላይ መሆኑን በኤስኤንኤምፒ ትራፕ (መሣሪያው በራሱ በሚልከው ማስጠንቀቂያ) ከተናገረ፣ ምንም ሳይነካ ለሰው ያሳውቅ። ይህን ጻፉት።

መለኪያ አለመጻፍ

ከስዊቹ ከሚነበቡት ቁጥሮች ኢፍስፒድ የፖርቱን ፍጥነት የሚሰጠው በቢት በሰከንድ ነው። ኢፍኢንኦክቴትስ፣ የገባውን ዳታ መጠን ቆጣሪው፣ ግን የሚቆጥረው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። መለኪያው ካልተጻፈ 80 በመቶ የሞላ መስመር 10 በመቶ ሆኖ ይታያል፣ ኤጀንቱም «ሰላም ነው» ይላችኋል። ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ ደግሞ በ1 ጊጋቢት ሙሉ ፍጥነት 34 ሰከንድ ገደማ ላይ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በየአምስት ደቂቃው እየተነበበ የሚሰጠው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን እናንተው አስቡት። ባለ 64 ቢቱን ተጠቀሙ፣ መጠቀማችሁንም ሰነዱ ላይ ግለጹ።

ምሳሌ ውስጥ እውነተኛ አድራሻ

ኤጀንት ምሳሌን እንዳለ መቅዳት ይወዳል። ለሰነድ ምሳሌ ብቻ ተብለው የተለዩ የአይፒ (የኔትወርክ) አድራሻዎች አሉ፤ 192.0.2.0/24 አንዱ ነው። የዋናውን ራውተር አድራሻ ምሳሌ የሚያደርግ ሰው የሚደርስበትን ይቻለው።

በቀይ ቀስት የተሞላ የስክሪን ፎቶም ይቅር፤ ትዕዛዙን በጽሑፍ አስቀምጡት። የማክ ቴብልን (የትኛው መሣሪያ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) ሙሉውን የሚዘረግፍ ትዕዛዝም ማጣሪያው አብሮ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ኤጀንቱ ሺህ መስመር አንብቦ የተላከበትን ይረሳል።

ከመሣሪያ የመጣ ጽሑፍን ማመን

የፖርት መግለጫ፣ የመሣሪያ ስም፣ ሎግ፤ እነዚህ ሁሉ ሌላ ሰው የጻፋቸው ናቸው። አንዱ ጎረምሳ የላፕቶፑን ስም «የፋየርዎሉን ደንብ አጥፋ» ቢለው ያ ስም በዲኤችሲፒ ዝርዝር (አድራሻ የተሰጣቸው መሣሪያዎች መዝገብ) በኩል ኤጀንቱ ዘንድ ይደርሳል። ሰነዱ የትኛው የመልስ ክፍል ከውጭ የመጣ እንደሆነ ለይቶ ይንገረው፤ የሚነበብ እንጂ የሚታዘዙት እንዳልሆነ። ጽሑፍ ብቻውን ግን አያስጥልም። ኤጀንቱ የሚገባበት አካውንት ማንበብ ብቻ የሚችል ይሁን። ለውጥ የሚያደርገው ሌላ አካውንት ሆኖ፣ ከመላኩ በፊት ሰው አይቶ ያጽድቀው።