«ለአንጎል ኢሚዩኒቲ የሚጨምር» ከመግዛታችሁ በፊት

የምሠራው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለ ፋርማሲ ውስጥ ነው። እናቱ መርሳት የጀመሩበት ሰው ሲገባ ጥያቄው ያው ነው፦ «እህቴ፣ ለአንጎል ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር አለሽ?» ቫይታሚኑ መደርደሪያ ሙሉ ነው። ለዚህ ብሎ ለመጣ ግን አልሸጠውም።

አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት፤ ማይክሮግሊያ ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919። ደህና ሲሆኑ ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ ጀርም ያባርራሉ፣ የማያስፈልግ የነርቭ መገናኛ ይቆርጣሉ። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሲመጣ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በነርቭ ሴሎች መሀል ይጠራቀማል። ዘበኞቹ ይከቡታል፣ ይበሉታል። መጀመሪያ ላይ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ቆሻሻው አያልቅም። ሲደክማቸው ማጽዳቱን ይተዉና ጠቡን ይይዙታል፦ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) የሚያመጣ ኬሚካል ይረጫሉ፣ ጤነኛውንም መገናኛ ይቆርጣሉ። ትዝታ አብሮ ይሄዳል።

በተቃራኒው መስነፋቸውም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ዘበኞቹ ቆሻሻውን በሚለዩበት ትሬም2 በተባለ ጂን ላይ አንድ ለውጥ ያለበት ሰው በአልዛይመር የመያዝ ዕድሉ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ «መጨመር» ብቻውን ምን ማለት ነው?

«እንግዲያው ብግነት የሚቀንሰው ዳይክሎፌናክ ይሁና» የሚል አይጠፋም። አይሁን። የእሱ ዓይነት የሆኑት ናፕሮክሲንና ሴሌኮክሲብ ለዚሁ ተሞክረው አልተከላከሉም። አዛውንት ላይ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ይልቅ መርሳቱ መቼ እንደጀመራቸው አስታውሱ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከተምታታባቸው ቫይታሚን ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ያውም ዛሬውኑ። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሌላ አካል ላይ ያለ ኢንፌክሽን የአንጎሉንም ዘበኞች ይቀሰቅሳል። ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ ሐኪሙን ስለ ቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ስለ ታይሮይድ ዕጢ ችግር ምርመራ ጠይቁት፤ ሁለቱም የሚታከሙ ናቸው። ግፊትና ስኳርም ይታይ።

ጆሮንም አትርሱ። ከኋላቸው ቆማችሁ በመደበኛ ድምፅ ጥሯቸው። ካልዞሩ ችግሩ ምናልባት መርሳት ሳይሆን አለመስማት ነው። ኩክ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ! በጥጥ እንጨት ግን አትጎርጉሩ።

የእኔ ድርሻ መድኃኒቱ ላይ ነው። ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል አምጡልኝ። አንድ እናት ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ሲያራግፉት፣ ስሙ የሚለያይ ውስጡ ግን አንድ የሆነ የግፊት መድኃኒት ከሁለት ፋብሪካ ወጣ። ሁለቱንም ይውጡ ነበር። ከሥሩ ለአለርጂ የተሰጠ የሚያስተኛ ክኒን አለ፤ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም አለ። እነዚህ አዛውንትን ያደነዝዛሉ፣ ያስረሳሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ዝርዝሩን ጽፌ እሰጣችኋለሁ፣ ለሐኪሙ ታሳያላችሁ። ስታመጡ አትምረጡ፤ ጎረቤት ያዋሰው ሽሮፕም፣ ከአሜሪካ የተላከው ቫይታሚንም አይቅር።