«በእርግጠኝነት» የሚል ጥያቄ ሲገጥማችሁ

መሳቢያ ውስጥ 10 ጥቁር፣ 8 ነጭና 6 ቡናማ ካልሲ አለ እንበል። መብራት የለም። ቀለማቸው አንድ የሆነ ሁለት ካልሲ በእርግጠኝነት ለማግኘት ቢያንስ ስንት እናውጣ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዕድላችሁ ፈጽሞ እንደጠመመ አስቡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቀለም ተለያዩ። አራተኛውስ? ከሦስቱ አንዱን መምሰሉ ግድ ነው። መልሱ 4። የካልሲዎቹ ብዛት እዚህ ምንም አይሠራም፤ ለማደናገር የገባ ነው።

«ሁለት ጥቁር» ከተባለ ግን ብዛቱ ዋጋ አለው። ጠማማው ዕድል ነጩንና ቡናማውን ጨርሶ ያስወጣችኋል፤ 14 ሆነ። ሁለት ጥቁር ሲጨመር 16። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡ።

በእኛ አቆጣጠርስ፣ ሁለት ሰዎች የተወለዱበት ወር በእርግጠኝነት እንዲገጥም ስንት ሰው ይበቃል? ጳጉሜን እንዳትረሱ፤ 14።