ፖሊስን ከመክሰሳችሁ፣ ከማመስገናችሁም በፊት

ባሕር ዳር ላይ በጥብቅና ስሠራ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ ጽፌአለሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ራሱ የጻፈውን ሦስት ገጽ ይዞልኝ መጣ። «አረመኔ»፣ «ግፈኛ»፣ «ሰው በላ» ሞልቶበታል። መቼ? የለም። የት? «ጣና ዳር»። ወንድሜ፣ ጣና ዳሩ ስንት ሰዓት ያስኬዳል! ስድብ ማስረጃ አይሆንም። እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት (ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20) ለተከሰሰ ሁሉ ነው፤ የደንብ ልብስ የለበሰውም ይገባበታል። እንዲህ ያለውን ደጋግሜ ሳይ ሰለቸኝና ይኸው የማያቸውን ስሕተቶች አንድ በአንድ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ሰዓት ማደባለቅ። ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። አንዲት እናት ልጃቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተይዞ እንደተመታ ነገሩኝ፤ እንደነገሩኝ ጻፍኩ። የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ግን የተጻፈው 3፡20 ነው። ነርሷ የጻፈችው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። የፖሊሱ ወገን ምን አለ? «ከጠዋቱ 3፡20 ላይ ታክሟል፤ ስንይዘው ቁስሉ ነበረበት።» ሰውየው ካርዱን እንዳየው አነበበ እንጂ አልዋሸም። ነርሷ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ስለነበር እሷን አፈላልጎ ቃሏን ለመቀበል ሁለት ወር ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው፤ ቀጥሎ ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተሞላ።

48 ሰዓትን በግማሽ ማወቅ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የማያውቅ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ግን ከተያዙበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ በ48ቱ ውስጥ አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ ከጣናው ደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣውና ከዚሁ ከባሕር ዳሩ ግሽ ዓባይ ሰፈር በባጃጅ የሚመጣው እኩል አይቆጠርባቸውም። መርማሪዎችም የራሳቸው ግማሽ አላቸው፦ «ዓርብ ስለተያዘ ሰኞ እናቀርበዋለን።» ቅዳሜና እሑድ ይቀነሳል የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ዓርብ ማታ 12 ሰዓት የተያዘ ሰው ጊዜው የሚሞላው እሑድ ማታ 12 ሰዓት ነው።

ማን እንደነካችሁ አለመለየት። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት እህት ሸክሟን የደፉባት ደንብ አስከባሪዎች ነበሩ፤ እሷ ግን ፖሊስን ከሰሰች። አቤቱታዋ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ከረመ። ትራፊክ፣ የከተማ ፖሊስ፣ የክልል ፖሊስ፣ ፌዴራል፣ ሚሊሻ፣ ደንብ አስከባሪ አለቃቸው አንድ አይደለም። ስሙን ባታውቁ የልብሱን ቀለምና የመኪናውን ታርጋ ያዙ።

ቪዲዮ። በቁራጭ ቪዲዮ አትፍረዱ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ስለ ውግዘቱ ነው። እኔ የተያዝኩት በምስጋና ነው። አንድ ፖሊስ አሮጊት አዝሎ አስፋልት ሲያሻግር አይቼ «ፖሊስ ማለት እንዲህ ነው!» ብዬ አጋራሁ። ወር ሳይሞላ በዚያው ፖሊስ ላይ አቤቱታ ያለው ልጅ ቢሮዬ መጣ፤ ከመቀመጡ በፊት ስልኩን አውጥቶ የኔኑ ጽሑፍ አሳየኝ። ምን ልበለው? ሌላ ጠበቃ ጋር ላክሁት።

አቤቱታውን ለዚያው ጣቢያ ብቻ መስጠት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም (ኢሰመኮ) እንባ ጠባቂ ተቋምም እዚሁ ባሕር ዳር ቢሮ አላቸው፤ ለእነሱም አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ ሽምግልና። የድንበርና የባልና ሚስት ነገር በሽማግሌ ሲያልቅ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ፖሊስ በእጁ ያለውን ሰው መታ ሲባል ግን ነገሩ የሁለት ጎረቤት ጠብ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 በጥበቃው ወይም በምርመራው ሥር ያለን ሰው የሚያንገላታ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ሽማግሌ ግን «ማን መታው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ስንት ይካስ?» ነው የሚለው። «አንተም ቻለው፣ አንተም ካሰው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ቡና ይጠጣል፣ አቤቱታው ይነሳል። ስንቱ መዝገብ እንዲህ ሆኖ ተዘጋ! ምስክሮቼን ቆጥሬ፣ የሐኪም ማስረጃ አያይዤ ስጨርስ «ጋሼ፣ ታረቅን እኮ» የሚል ስልክ ይደወልልኛል።

ከእነዚህ በአንዱ የታረቀው ፖሊስ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ማዕረግ በደረሰው ቁጥር «ያ ደብዳቢው» እየተባለ ይታለፋል።

«ያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም፤ የተረኛ ዝርዝሩ ይመሰክርልኛል» አለኝ።

«ታዲያ ካሳውን ለምን ከፈልክ?»

«አባቶች ለመኑኝ። እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ምን ላድርግ?»

መዝገቡን አስወጣን። ያለው አንድ ወረቀት ነው፦ «ጉዳዩን በእርቅ ጨርሰናል» የሚል፣ ከሥሩ የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ። የተረኛ ዝርዝሩን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የተመታው ልጅ ዛሬም በግራ ጆሮው አይሰማም። የመታኝን ሰው ፊት አላየሁም ነው የሚለው፤ የሚታረቀውን የመረጡለት ሽማግሌዎቹ ናቸው።