በማረሚያ ቤት ተመስጦ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማረሚያ ቤት ገብተው ተመስጦ ለማስተማር የሚነሱ በጎ ፈቃደኞች አብዛኛውን ጊዜ ዘዴውን አሳምረው ያውቁታል፤ የማያውቁት ቤቱን ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በሙሉ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» የሚለው ትእዛዝ ይቅር። ይህን መናገር ሰልችቶኛል። አዳዲስ አሠልጣኞች አሁንም ወንበሩን በክብ ይደረድሩና ግማሹን ሰው ጀርባውን ለበሩ አሰጥተው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን እንዲከታተል ያዝዛሉ። ከኋላው ማን እንደሚመጣበት ሲጠባበቅ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ይህን እንዴት አድርጎ ይፈጽም? አንድ ጎልማሳ ታራሚ ዓይኑን ከብረት በሩ ሳይነቅል፣ ጡጫውን ጉልበቱ ላይ እንደጨበጠ ክፍለ ጊዜውን ሲጨርስ አይቻለሁ፤ አሠልጣኙም «እምቢተኛ ነው» ብሎ መዘገበው። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበሩ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ፣ ዓይኑን ገልጦ ወለሉን እንዲያይና ውስጥ እግሩ መሬት ሲነካ የሚሰማውን ብቻ እንዲያስተውል ሲነገረው ግን ያው ሰው እጁን ፈታ። ትንፋሽን መከታተል በራሱ ከባድ ጥቃት ያሳለፈን ሰው ሊያስጨንቅ ስለሚችል አማራጭ ሁልጊዜ ይቅረብ፤ መነሣት የፈለገም ምክንያት ሳይጠየቅ ይነሣ። አቀማመጥ ለማስተካከል ብሎ ከኋላ መጥቶ ትከሻ መንካት ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ።

ሁለተኛው ስህተት የጥበቃ ባልደረቦችን መዝለል ነው። በሕንድ የቲሃር ማረሚያ ቤት፣ ኪራን ቤዲ ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ታራሚዎቹ ከመቀመጣቸው አስቀድሞ ሠራተኞች ቪፓሳና የተባለውን የተመስጦ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ከ1,000 በላይ ታራሚዎች በአንድ ጊዜ ለ10 ቀናት ሊቀመጡ የቻሉትም መሬቱ አስቀድሞ ስለተደላደለ ነው። ሥራውን በአንድ በጎ ኃላፊ ፈቃድ ላይ ብቻ ማንጠልጠልም አደጋ አለው። በአሜሪካ አላባማ የሚገኘው የዶናልድሰን ማረሚያ ቤት በ2002 የጀመረው የ10 ቀን የቪፓሳና ሥልጠና ተቋርጦ በ2006 ነው የቀጠለው።

የ10 ቀኑንና የ8 ሳምንቱን የሥልጠና ዓይነቶች ማደባለቅም የተለመደ ነው። የ10 ቀኑ ሙሉ ዝምታን፣ በየቀኑ 10 ሰዓት ያህል መቀመጥንና ከሌላው ታራሚ የተለየ ማደሪያን ይጠይቃል፤ ጆን ካባት-ዚን የተባሉ የተመስጦ አስተማሪ በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የጀመሩት የ8 ሳምንት ሥልጠና ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥና በየዕለቱ ለብቻ በሚደረግ ልምምድ የሚደገፍ ነው። ቴሌቪዥን በሚጮህበት፣ ጓደኛ በሚያወራበት ክፍል 45 ደቂቃ ማዘዝ ከንቱ ነው። ከማታው የታራሚዎች ቆጠራ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ለኃላፊዎች ብዙ ቃል አይግቡ። ከ1992 እስከ 1996 በማሳቹሴትስ ማረሚያ ቤቶች የ8 ሳምንቱን ሥልጠና የወሰዱ ታራሚዎች ጠበኝነታቸው እንደቀነሰ፣ ስሜታቸውና ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት እንደተሻሻለ፣ ለውጡም በሴቶቹ ላይ እንደጎላ ታይቷል። ይህ ግን የተለካው ታራሚዎቹ ራሳቸው በሞሉት መጠይቅ ነው፤ ተፈትተው ተመልሰው መታሰራቸውን የሚለካ አይደለም። «ዳግም ወንጀልን በግማሽ እንቀንሳለን» ብሎ የገባ አሠልጣኝ በዓመቱ ቁጥር ሲጠየቅ የሚያቀርበው የለውም።

መድኃኒት አቁሙ አይበሉ። ሥልጠናውንም ከአመክሮ ጋር አያያይዙ፤ ለምስክር ወረቀት የመጣ ሰው የእውነት የሚፈልገውን ቦታ ይይዝበታል።

ሃይማኖትን በተመለከተ መሸፋፈን ይጎዳል። ዘዴው ከቡድሃ ትምህርት የመነጨ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ይሻላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቆይቶ ከሌላ ሰው ሲሰማ እንደተታለለ ይቆጥረዋል። ጸሎቱን ትቶ እንዲመጣም አይጠየቅ፤ የክፍለ ጊዜውን ሰዓት ከሶላትና ከአምልኮ መርሐ ግብር ጋር አለማጋጨት የአሠልጣኙ ኃላፊነት ነው።

በመጨረሻም፣ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ታራሚዎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ አብረው የሚቀመጡበት ክፍልና የሚከፍትላቸው የጥበቃ ባልደረባ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይጀምሩ።